አንድ ቃል ሳልጨምር

ሙሀመድኑር በዚያን ቀን ጠዋት የጫማውን ክር ሦስት ጊዜ አሰረ፤ ሦስት ጊዜ ፈታ። የከሚሴ ሰው በሙቀት ሸሚዙን ከፍቶ በሚሄድበት ወር እሱ ኮት ደርቧል። «በኮምፒውተር የሚታየው ከደረት በላይ ነው። ጫማህን ማን ሊያየው ነው?» አልኩት። አልሳቀም። ወትሮ በቀልዴ ባይስቅ እንኳን ይሰድበኝ ነበር።

እኔ በላይ፣ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ። እሱ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ፖስታ ቤት በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ ማመልከቻ ሲጽፍና ደብዳቤ ሲያነብ የኖረ ሰው ነው። በድንበሩ ጦርነት ጊዜ ሥራው በዛበት። የዘመቱት የአካባቢያችን የጨፋ ልጆች በትምህርት ቤት አማርኛ ይጽፋሉ፤ እናቶቻቸው የሚሰሙት ኦሮምኛ ነው። ሙሀመድኑር በዓይኑ አማርኛውን እያየ በአፉ ኦሮምኛውን ያወርደዋል። ወረቀቱ ላይ ያለውን የሚያውቁት እሱና አላህ ብቻ ነበሩ።

እርጅና ከጠረጴዛው ሲያነሳው የዚያን ጊዜ ትዝታውን ጻፈ። ቀጭን መጽሐፍ ናት፤ ያረምኩለት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ገጿ ላይ እንዲህ ይላል፦ «የመጣልኝን ደብዳቤ ሁሉ አንድ ቃል ሳልጨምር፣ አንድ ቃል ሳልቀንስ አንብቤያለሁ።» «ጉራ አይሆንብህም ወይ?» ስለው ተቆጥቶ ለሁለት ቀን አላናገረኝም። እኔም ግትር መሆኑን ስለማውቅ ተውኩት።

ደሴ ታትማ ከወጣች በኋላ አንድ ለእረፍት የመጣ እጩ መኮንን ከመናኸሪያው ገዝቷት ሄደ። በጦር ኮሌጃቸው የመጽሐፍ ክበብ አላቸው አሉ። አንድ ሻለቃ ደወለ። «ተማሪዎቼ በኢንተርኔት ሊያነጋግሩዎት ይፈልጋሉ፤ የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር በቃላቸው ይዘዋታል። ሪፖርት ማለት እንዲህ ነው ብዬ አስተምርባታለሁ» አለው። ከዚያ ስልክ ወዲህ ሙሀመድኑር እንቅልፍ አጣ።

ወደ ኮምፒውተር ቤቱ ስንሄድ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ባጃጆች ጥሩምባቸውን ይነፉብናል፤ እሱ ግን አይሰማም።

«በላይ፣ ዋሽቻለሁ» አለኝ።

ነገሩ የጎረቤቱ የፋጡሜ ነው። ልጇ ጀሚል በዘጠና አንድ ከመቀሌ ጻፈ፤ ቆስሏል፤ ሆስፒታል ተኝቷል፤ እናቱን ይጠራል። ደብዳቤው የደረሰው ፋጡሜ የመጨረሻ ልጇን ነኢማን በወለደች በዘጠነኛው ቀን ነው። እሷ ከመጋረጃ ወዲያ አራስ ናት፤ ሙሀመድኑር ከመጋረጃ ወዲህ ቆሟል። እውነቱን ቢነግራት ጨቅላዋን ታቅፋ ወደ ጦርነቱ ስትነጉድ ታየው። «ደህና ነኝ፤ ወደ ሥልጠና እየሄድኩ ነው፤ እስክጽፍልሽ ጠብቂ» ብሎ አነበበላት። አርባ ቀኗ ሲሞላ እነግራታለሁ አለ። አርባው ሳይሞላ መርዶው ቀደመው። ፋጡሜ «ጦር ሜዳ ወደቀ» ተባለች። መርዶውን ያመጣው የጀሚል ጓደኛ ግን ልጁ እናቱ ትመጣለች ብሎ ሃያ ሦስት ቀን በር በሩን ሲያይ እንደሞተ ለሙሀመድኑር ብቻ ነገረው።

«ደብዳቤውስ?» አልኩት።

የኮቱን ኪስ ነካ። በዚያ ሁሉ ሙቀት ኮት የሚያስለብሰው ይኼ ኖሯል።

«እንግዲያ ዛሬ ዝም በል። ኮምፒውተሩን የምትከፍትልህ ነኢማ መሆኗን ረሳኸው?» አልኩት። ፈርቼ ነው። እሱ መንገዱን ቀጠለ።

ነኢማ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ፈጣን ልጅ ናት። አስቀመጠችው፤ ካሜራውን አስተካከለች። መስመሩ ሁለት ጊዜ ተቋርጦ ሦስተኛው ላይ ሠላሳ የሚሆኑ ወጣቶች ዩኒፎርም ለብሰው ብቅ አሉ። ሲያዩት ተነሥተው ቆሙ። እሱም ግራ ገብቶት ተነሣ፤ እነሱ የሚያዩት የኮቱን ቁልፎች ብቻ ሆነ። ነኢማ እየሳቀች በትከሻው ይዛ አስቀመጠችው።

ስለ ፖስታ ቤቱ፣ ስለ ሴቶቹ ወረፋ ጠየቁት። እግሩ ከጠረጴዛው ሥር አያርፍም። መጨረሻ ላይ አንድ ረጅም ልጅ ተነሣ።

«ጌታዬ፣ እናቴ ማንበብ አትችልም። ነገ ጦር ክፍል ስመደብ የምልክላትን መልእክት የሚያነብላት ጎረቤት ነው። እርስዎ እንዳሉት፣ እንደተጻፈው እንደሚያነብላት በምን ልመን?»

ሙሀመድኑር ነኢማን አያት። ከዚያ እኔን። በጭንቅላቴ «ተው» አልኩት።

«አትመን፣ ልጄ» አለ። «እኔ አንዱን አላነበብኩም። መጽሐፉ ላይ ዋሽቻለሁ።»

ሁሉንም ነገራቸው፤ ስም ብቻ አልጠራም። ግን መቀሌ ሲል፣ አራስ ሲል፣ መጋረጃ ሲል የነኢማ እጅ ከኮምፒውተሩ መዳፊት ላይ ወረደ። ረጅሙ ልጅ እንደቆመ ቀረ። ነኢማ ስንብት ሳትጠብቅ መስመሩን ዘጋችው።

«ጋሽ ሙሀመድኑር፣ ያቺ ጨቅላ እኔ ነኝ አይደል?»

«አንቺ ነሽ።»

«ተነሡ። ለእማ ያንብቡላት። ዛሬውኑ!» ኮምፒውተር ቤቱን ሰው እንዳለበት ለጓደኛዋ ጥላ ወጣች።

ፋጡሜ ግቢዋ ውስጥ ማሽላ ስትለቅም አገኘናት። ሙሀመድኑር በርጩማ ቀረበለት፤ አልተቀመጠም። ወረቀቱን ዘርግቶ ምን እንደሆነ ነገራት፤ ከዚያ ማንበብ ጀመረ። በኦሮምኛ «ኮቱ» የሚለው ጋ ሲደርስ፣ ልጁ በአማርኛ «ነይልኝ» ብሎ የጻፈበት ቦታ ነው፣ ፋጡሜ ሰፌዱን አስቀመጠች።

የምትጮህ መስሎኝ ነበር። የምትራገም መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ተነሥታ ቤት ገባች፤ ጫማዋን አድርጋ፣ ሻሿን አስተካክላ ወጣች።

«ወዴት ነው፣ እማ?» አለች ነኢማ።

«መቀሌ። ልጄ ጠርቶኛል።»

«ፋጡሜ፣ አውፍ በይኝ፤ ይቅር በይኝ» አለ ሙሀመድኑር፤ እያለቀሰ።

«እሱን ስንመለስ አስብበታለሁ» አለችው፤ አላየችውም። «አሁን ቅደም። የሆስፒታሉን በርና መቃብሩ ላይ ያለውን የሚያነብልኝ ሰው ያስፈልገኛል። የተጻፈውን ብቻ ታነብልኛለህ።»