የሚወዛወዘው ስኳር

አባቴ መካኒሳ አቦ አናጢ ነው፤ የሚወዛወዝ ነገር ካየ እንቅልፍ አይወስደውም። እኔ የባዮኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። ባለፈው ዓመት ለክፍል ፕሬዘንቴሽን፣ ሴል ውስጥ መልእክት የሚያመላልሰው የአርኤንኤ ክር ከተገነባባቸው ስኳሮች አንዷን በእንጨት ሠራሁ። አምስት ማዕዘን ያላት ቀለበት ናት። ተፈጥሮዋ መተጣጠፍ ስለሆነ መገጣጠሚያዎቿን ሆን ብዬ አላላኋቸው።

የፕሬዘንቴሽኑ ዕለት ጠዋት ሳነሳት አልተጣጠፍ አለችኝ። አባቴ ሁለቱን ማዕዘኖች በቀጭን ጣውላ አያይዞ ቸንክሯቸዋል።

«አባዬ፣ ምን ማድረግህ ነው?» አልኩት በንዴት።

«እንዲህ እየተወዛወዘ ከእኔ ቤት አይወጣም» አለኝ ቀና እንኳ ሳይል።

እንዳኮረፍኩ ታክሲ ተሳፈርኩ። ቀለበቷን ጭኔ ላይ አድርጌ ሳያት ነው የገባኝ። የዚያን ቀን የማስረዳው ራሱ ይህንኑ ነበር። ኬሚስቶች የስኳሯን ሁለት ማዕዘኖች በአጭር ድልድይ ሲያያይዟቸው መተጣጠፏን ትተዋለች፤ ክሩም ተጣማሪ ክሩን አጥብቆ ይይዛል። የተበላሸ መልእክት ላይ ተጣብቆ ዝም የሚያሰኝ መድኃኒት ለመሥራት ተስፋ የተጣለው በዚህ ነው። አባቴ የሳተው በአንድ ማዕዘን ብቻ ነበር።

ክፍል ስደርስ ጣውላዋን ነቅዬ ትክክለኛ ቦታዋ ላይ ቸነከርኳት። መምህሬ ቀለበቷን ወዘወዛት፤ ንቅንቅ አላለችም።

ስመለስ ሁሉንም ለአባቴ ነገርኩት። መጋዙን አስቀምጦ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ታዲያ ጠዋት ምን አስቆጣሽ?» አለኝ።