ከውሃው መሃል የደበቅሁት ጀሪካን

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ክረምት ላይ ነው። ዘይነባ እጇን ስትዘረጋ ባየሁ ቁጥር ትዝ ስለሚለኝ ረሳሁት ማለት አልችልም።

ሦስት ሴቶች ነን፤ እኔ፣ ዘይነባና እቴነሽ። ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተን ፈሳሽ ሳሙና መሥራት ጀመርን። ኮምቦልቻ ተቀጥሬ ስሠራ ስለለመድኩት አሠራሩን የማውቀው እኔ ነኝ። ዘይነባ ከቢስቲማ የመጣች ነጋዴ ናት፤ ሰኞ ገበያ ያሉትን ደንበኞች የምታውቀው እሷ ብቻ ስትሆን ስማቸውንም አትነግረንም። እቴነሽ ደግሞ ቤቱን በራሷ ስም ተዋውላ ውሉን ቆልፋ ይዛዋለች። በአፍ እህትማማች ነን፤ በልብ ግን በዓይነ ቁራኛ እንጠባበቅ ነበር።

እኔማ ከሁለቱም ብሼ ተገኘሁ። ቀመሩን ካወቁት ነገ ያባርሩኛል ብዬ ከየኬሚካሉ ዕቃ ላይ የተለጠፈውን ስም ላጥኩት። ኮስቲክ ሶዳውንም ማንም ሳያየኝ በጥብጬ ቢጫ ጀሪካን ሞላሁና ከውሃ ጀሪካኖቹ መሃል አቆምኩት። ተበጥብጦ ሲቀዘቅዝ ውሃ ይመስላል፤ ሥጋ ግን ያቃጥላል። የምለየው እጀታው ላይ ባሰርኩት ክር ነበር። በብልጠቴ ደግሞ ኮርቼ ነበር፤ ጉድ እኮ ነው!

ያን ዕለት ዕቃ ልገዛ ኮምቦልቻ ወርጄ ስመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ከጠዋት ጀምሮ ሰፈራቸው ውሃ እንደሌለ አማረሩ።

"የት ነው ሰፈርዎ?" አልኳቸው።

"ቧንቧ ውሃ። ስሙን ብቻ ታቅፈን ቀረን።"

የእኛው ሰፈር ነው። ቧንቧው ከጠፋ ዘይነባ ለቀትሩ የዙሁር ሶላት እጅና ፊቷን ታጥባ ውዱእ የምታደርገው ከጀሪካን ነው። ስድስት ሰዓት አልፏል። የሐረጎን ዳገት እየወጣን ነው፣ ጉሙ መንገዱን ውጦታል፣ ከፊታችን የጭነት መኪና ያዘግማል።

ዘይነባ ስልኳን አላነሳችም። እቴነሽ አነሳች።

"ክር የታሰረበትን ጀሪካን እንዳትነኩት!" አልኳት።

"ለምን? ምን አለበት?"

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። ዝም አልኩ። የሰው ዓይን ሊጠፋ ነው፣ እኔ ስለ ቀመሬ አስባለሁ። "በቃ አትንኩት አልኩሽ" አልኳት።

"እንዳንሰርቅሽ ነው? አንቺ ልጅ፣ አሁንስ አበዛሽው!" ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

ወዲያው መልሼ ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም።

"ሹፌር፣ በእናትህ ፍጠን!"

"በዚህ ጉም? ገደል ልግባልሽ?" አለኝ። እመቤቴን እየጠራሁ ስልኩን ደጋግሜ ሞከርኩ። ደሴ ስንገባ የዙሁር አዛን ተሰማ።

ስደርስ በራችን ላይ ሰው ተሰብስቧል። ሰውን ገፍቼ ገባሁ። ዘይነባ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ጎረቤቶቻችን ለመጠጥ ያስቀመጧትን ውሃ እያመጡ እጇ ላይ ያፈሳሉ። ፊቷን አየሁ፤ ደህና ነው። ውዱእ የሚጀመረው እጅን በመታጠብ ነው። ውሃው ሲያሟልጫትና ሲያቃጥላት ጮኻ ወረወረችው እንጂ፣ ቀጥሎ ወደ አፏ፣ ወደ አፍንጫዋና ወደ ፊቷ ልትወስደው ነበር።

"ኮስቲክ ሶዳ ነው! እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት!" ብዬ ጮህኩ። ጤና ጣቢያ ወሰድናት። እጇ በፋሻ እየተጠቀለለ "አብሽሪ፣ አላህ ዓይኔን አትርፎልኛል" ትለኛለች። እሷ እኔን ታጽናናለች! አፈርኩ።

በማግስቱ ቀመሩን ከነመጠኑ በትልቁ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት፤ በየዕቃው ላይም ስሙን ጻፍኩ። ዘይነባ ፋሻዋ ሳይፈታ ሰኞ ገበያ ይዛን ሄዳ ከደንበኞቿ ጋር አንድ በአንድ አስተዋወቀችን። እቴነሽ ውሉን በሦስታችን ስም ለማድረግ ሁለት ወር ፈጀባት፤ አደረገችው ግን።

ይሁንና ዘይነባ ስልኩ ላይ ዝም ማለቴን አታውቅም። እቴነሽ በንዴት መልእክቴን ሳታደርስላት መቅረቷንም አታውቅም። "ያን ቀን ኔትወርኩ ባይጠፋ ኖሮ ትነግሪኝ ነበር" ስትለኝ እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ፣ እቴነሽ ጠርሙስ ትሞላለች።

ይህን ጽሑፍ እንዲታተም ከመላኬ በፊት ለዘይነባ ላነብላት ነው። ለእቴነሽ ስነግራት "አንብቢላት፣ የኔንም እንዳታስቀሪ" አለችኝ። ፈርቻለሁ። ያን ጠባሳ ያለበትን እጇን ለሰላምታ ብትነሳኝም አልፈርድባትም።