ውሃ የሚፈራው ካሜራ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንጀምር። በሆሳዕና ከተማ በፎቶ አንሺው በዋለ ካሜራ ፊት ያልተቀመጠ ሰው ፈልጎ የሚያመጣልኝ ካለ እሸልመዋለሁ። ደርግ አገሩን በሙሉ ባለመታወቂያ ሲያደርገው የማን ጉርድ ፎቶ ነው በዋለ እጅ ያላለፈው? የቀበሌው ሊቀመንበር በሉት፣ አብዮት ጠባቂው በሉት፣ ሙሽራው በሉት፣ ከሞርሲቶ በግ ሊሸጥ የመጣው ገበሬ ሳይቀር ከዚያ ሰማያዊ መጋረጃ ፊት ተቀምጦ «ቀና በል! ዓይንህን እንዳትጨፍን!» ተብሏል። ከዘመድ አዝማድ አንድ ሰው ብቻ ቀሩ። እሳቸውም ሩቅ አይደሉም፤ የገዛ አማቱ፣ የሚስቱ የጣቢታ እናት፣ የዱራሜዋ እማማ ገነቴ ናቸው።

ለምን ቀሩ? በእማማ ገነቴ ወገን ወግ አማትና የሴት ልጅ ባል ፊት ለፊት አይተያዩም። እሱ ደጅ ሲደርስ እሳቸው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል ያደርጋሉ፤ እሱ ደግሞ አንገቱን ይደፋል። የሚነገር ነገር ቢኖር እንኳ በጣቢታ በኩል ነው የሚያልፈው። ጥላቻ እንዳይመስላችሁ! አክብሮት ነው፣ ያውም የመጨረሻው አክብሮት። እማማ ገነቴ ወንጌል ተቀብለው ስንቱን የድሮ ነገር እርግፍ አድርገው ሲተዉ፣ ከዚህች ወግ ግን ወይ ፍንክች! ዋለ ጣቢታን አግብቶ ሁለት ልጅ ወልዷል። የአማቱን ተረከዝ ከሺህ ተረከዝ መሀል ይለየዋል፤ ፊታቸውን ግን አያውቀውም።

«ታዲያ ሌላ ሰው አያነሳቸውም?» ትሉኝ ይሆናል። ጣቢታም ብላ ነበር። ዱራሜ አንድ ደህና ፎቶ ቤት ስላለ እዚያ ልውሰድሽ ብትላቸው እማማ ገነቴ ተቆጡ።

«የልጄ ባል ፎቶ አንሺ ሆኖ እኔ ሰው ደጅ ሄጄ ልነሳ? ‹አማቿ ንቋታል› እንዲሉኝ ነው?»

«እንግዲያው እኔ ላንሳሽ።»

«የእሱን ሙያ አንቺ ምን አገባሽ? የሚያነሳኝ እሱ ነው ብዬ ለአገሩ ሁሉ ተናግሬያለሁ።»

«እሺ፣ ዋለ ያንሳሽ።»

«አንቺ ልጅ፣ አብደሻል? አማቼ ፊቴን ሊያይ!»

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። እንዲህ እያሉ ስንት መስቀል አለፈ።

ለጣቢታ ግን ይሄ የቀልድ ነገር አልነበረም። አባቷ የሞቱት ልጅ ሳለች ነው፤ አንድም ፎቶ አልነበራቸውም። አንድ ቀን ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ተመልሳ፣ ደብተር ልታርም ቁጭ ብላ፣ ሳታስበው ማልቀስ ጀመረች።

«የአባቴ መልክ እየጠፋብኝ ነው ዋለ። አፍንጫው ይታየኛል፣ ዓይኑ ግን እምቢ አለኝ። እማዬም እንዲሁ ልትሄድብኝ ነው? ፎቶ አንሺ አግብቼ! ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ እኮ!»

የአገሩን ሰው ሁሉ እያነሳ የሚስቱን እናት ማንሳት ያቃተው ፎቶ አንሺ ምን ብሎ ይመልሳል?

ሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ጥር ላይ ግን ነገሩ ተስፋ አገኘ። አዋሳ ፋብሪካ የሚሠራው የጣቢታ ወንድም ጴጥሮስ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እናቴን ይዛችሁ ኑ፣ ሐይቁን ላሳያት ብሎ ላከባቸው። እማማ ገነቴ ከዱራሜና ከሀደሮ ገበያ አልፈው አያውቁም። እምቢ ይላሉ ሲባል «ሐይቅ የሚሉትን እግሬን ነክሬበት ልምጣ» ብለው ተነሱ።

ጣቢታ ወዲያው ዘዴ ፈለቀላት። አህመድ ሱቅ አንድ ጉደኛ ካሜራ መጥቷል ተብሎ ከተማው ሲያወራ ሰምታለች፤ ውሃ ውስጥ ቢነከር የማይሞት! ይሄንን ግዛና ከእኛ ጋር ውሃ ውስጥ ግባ፣ አለችው ባሏን። እናቴ ከልጆቹ ጋር ስትራጭ፣ ስትስቅ፣ ነጠላዋ ሲወድቅ፣ ሳታውቅ በጎን ቀጭ ታደርጋታለህ። ዋለ ራሱን አከከ። ተደብቆ ማንሳት አይወድም። እሱ ዘንድ ሰው ሲመጣ ፊቱን አጥቦ፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣ ፊቱን ይሰጠዋል፤ ያልተሰጠውን ነጥቆ አያውቅም። ያውም የአማቱን! ቢሆንም የሚስቱን ዓይን አየና «እሺ» ብሎ ወጣ።

አህመድ ከሳሙና እስከ ባትሪ ድንጋይ የሚሸጥ፣ አፉ ከሱቁ የሚሰፋ ነጋዴ ነው። ካሜራውን አገሩ ሊመለስ ከሚጓዝ ፈረንጅ ነው የገዛው። ቢጫ ነው፤ ጠርዙ ሁሉ በጎማ ተለብጧል። ዋለ ሲደርስ የሱቁ ደጃፍ በሰው ተሞልቷል፤ አህመድ በሳፋ ውሃ ሞልቶ ካሜራውን ጥልቅ ያደርገዋል፣ ያወጣዋል፣ እንደገና ጥልቅ!

«ጓዶች፣ እዩት! ዓሣ ነው፣ ዓሣ! ዋለ፣ እንካ፣ አንተው ንከረው።»

ዋለ ነከረው። እውነትም ምንም አልሆነ። ጠረገውና ዓይኑን ከቀዳዳው ገጥሞ ወደ አህመድ አዞረው። የአህመድ ፊት ድቅን አለ፤ ከነጢሙ፣ ከነወርቅ ጥርሱ። ይኼኔ የአማቱ ፊት በዚያ ቀዳዳ ውስጥ እንዲሁ ሲደቀን ታሰበውና ላቡ መጣ። እኚያን ሴት ቀና ብዬ፣ አነጣጥሬ፣ እንደ ወፍ? ካሜራውን ቶሎ ብሎ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው።

«ምነው? አልወደድከውም?»

«እሱስ ግሩም ነው። ያ ደግሞ ምንድን ነው?»

ከመደርደሪያው ጥግ አቧራ የጠጣ፣ ሁለት ዓይን ያለው ጥቁር ሳጥን ነበር።

«እሱን ተወው ባክህ! የሩሲያ ነው። ከሶሻሊስት ወንድሞቻችን አገር የመጣ ስለሆነ መስደብ ፈርቼ ነው እንጂ ማንም አይገዛኝም። ውሃ ካየ አለቀለት።»

ዋለ ሳጥኑን አወረደ፣ ክዳኑን ወደ ላይ ከፈተ። በዚህኛው ሰው የሚያየው ዓይን ላይ ገጥሞ አይደለም። ሳጥኑን ደረት ላይ ይዞ፣ አንገትን ደፍቶ፣ ከላይ ወደ ታች ነው። መስታወቱ ላይ ሱቁ በሙሉ ተንጣሎ ታየው፤ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኖ። አህመድም እዚያው ውስጥ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሟል። ዋለ አህመድን እያየው ነው፤ የሚያየው ግን አንገቱን ደፍቶ፣ ወደ ገዛ ደረቱ ነው።

ልቡ ደነገጠ። በደስታ ነው የደነገጠው።

«ይሄኛውን ስጠኝ» አለ።

«ውሃ ዳር ልትሄድ አይደል እንዴ?» አህመድ እንደ እብድ አየው። «ኋላ ተበላሸ ብለህ እንዳትመጣብኝ! ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል፤ ተናግሬያለሁ።»

ቤት ሲደርስ የሆነውን ምኑን ላውራችሁ! ጣቢታ ሳጥኑን አየች፣ ባሏን አየች፣ እንደገና ሳጥኑን አየች።

«ውሃ የማይፈራውን ትተህ ውሃ የሚፈራውን ገዛህ? ለሐይቅ?»

«ቆይ፣ ታያለሽ።»

«ምኑን ነው የማየው? እናቴን እንዳታነሳ ነው! በቃ፣ አልፈልግም በለኝ!»

ዋለ ሊነግራት አፉ ድረስ መጣና መልሶ ዋጠው። ለእሷ ከነገራት ለእናቷ ትነግራለች። እማማ ገነቴ ደግሞ ገና ሳያዩት፣ ቤታቸው ቁጭ ብለው እምቢ ካሉ፣ እሳቸውና ሞኝ የያዙትን አይለቁም። ስለዚህ ዝም ብሎ ተሰደበ። ወፍራም ላስቲክ ቀደደ፣ ሳጥኑን ከሥርና ከጎን ጠቀለለው፣ ለሁለቱ ዓይኖች ቀዳዳ ተወ፣ በብስክሌት የውስጥ ጎማ፣ በካላማዳሪ፣ ጥፍር አድርጎ አሰረው። ልጆቹ «አባባ ካሜራውን ካፖርት አለበሰው» እያሉ ሳቁበት።

እማማ ገነቴን ከዱራሜ ይዘው የተነሱበት ጉዞስ ቢሆን ቀላል መሰላችሁ? በአንድ አውቶቡስ ውስጥ አማትና አማች! እማማ ገነቴ የመጨረሻው ወንበር ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ዋለ ከሾፌሩ ጀርባ እንደ ምሰሶ ተተክሎ። አንገት የተፈጠረው ዞሮ ለማየት ነው ይባላል፤ የዋለ አንገት ግን ከዱራሜ እስከ ሻሸመኔ አንዴም አልዞረም። ቁሊቶ ላይ ለምሳ ሲወርዱ እንኳ እሳቸው ውስጥ፣ እሱ ደጅ በላ። ጣቢታም ተቀይማ ስለነበር ሥጋውን ለእናቷ ሰጥታ ለእሱ መረቁን ላከችለት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጴጥሮስ ሁሉንም ሐይቁ ዳር አወረዳቸው። እማማ ገነቴ መጀመሪያ ውሃውን ዳር እስከ ዳር በዓይናቸው ለኩት። ከዚያ «ይሄ ሁሉ ውሃ ማንንም ሳያሰጥም ዝም ብሎ ተኝቷል?» አሉና ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ልጆቹ ተከተሏቸው፤ ውሃው ጉልበታቸው ድረስ ደረሰ። እሳቸው ነጠላቸውን በአንድ እጅ ፊታቸው ላይ እንደያዙ፣ በሌላው ልጆቹን እየረጩ ይስቃሉ።

ዋለ ከዳር ሆኖ ፀሐይዋን አየ። ወደ ሐይቁ ማዶ አዘንብላለች። ከዚህ ቢያነሳ የአማቱ ፊት እንደ ከሰል ይጠቁራል። ፊታቸው ላይ ብርሃን የሚያርፈው እሱ ከእሳቸው አልፎ ውሃው ውስጥ ሲቆም ነው። ዋና አይችልም፤ የደጋ ልጅ ነው፣ የሚያውቀው ወንዝ እንኳ ድንጋይ ለድንጋይ የሚሻገሩትን ነው። ደግሞ በእጁ ያለው ውሃ የሚፈራው ካሜራ ነው። ሱሪውን ሰብስቦ፣ ሳጥኑን ራሱ ላይ ተሸክሞ፣ ዙሪያውን በሩቁ ዞሮ ገባ። ውሃው ወገቡ ድረስ መጣ። እግሩ ሥር ጭቃው ይንሸራተታል። ተረጋግቶ ቆመ፣ ሳጥኑን ደረቱ ላይ አደረገ፣ አንገቱን ደፋ።

«ጣቢታ» አሉ እማማ ገነቴ በከምባትኛ፤ ፊታቸውን እንደሸፈኑ በነጠላቸው ሥር የእሱን ጥላ ውሃው ላይ አይተዋል። «ባልሽ ምን ወደቀበት? ውሃ ውስጥ ምን ይፈልጋል?»

ጣቢታ ቀና ብላ አየች። ባሏ ውሃ ውስጥ ቆሞ አንገቱን ደፍቷል፤ የሳጥኑ ሁለት ዓይኖች ግን ወደ እናቷ ዞረዋል። ነገሩ ገባት። ከሆሳዕና ጀምሮ የያዘችው ኩርፊያ እዚያው ሐይቁ ውስጥ ቀረ።

«ወይኔ ዋለ!» አለች። ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች። «እማዬ፣ ሊያነሳሽ ነው።»

«ሳያየኝ?»

«አንቺን አያይም። የሚያየው ሳጥኑን ነው።»

«በሳጥኑ ውስጥስ እኔ አለሁ?»

ጣቢታ ልትዋሽ ከጀለች፤ እናቷን ግን ዋሽታ አታውቅም። «አለሽ» አለች ቀስ ብላ።

ዋለ ሁሉንም ሰምቷል፤ ከምባትኛ ከሚስቱ ተምሯል። መስታወቱ ላይ ነጠላና ሁለት እጆች ይታዩታል። ጭቃው እየከዳው ነው፣ ክንዱ ዝሏል፣ ቢሆንም የማንሻውን ቁልፍ አልነካውም። ካልሰጡኝ አልወስድም አለ በልቡ።

«አንገቱን ደፍቷል?» አሉ እማማ ገነቴ።

«ሊሰበር ነው እማዬ።»

«አንገቱን ከደፋ ነውሩ የቱ ጋ ነው ታዲያ?»

ነጠላውን ከፊታቸው ገልጠው ትከሻቸው ላይ ጣሉት።

ዋለ አየ። መዳፍ በምታህል መስታወት ላይ፣ ፀሐይ ያረፈባት አንዲት አሮጊት። ያ የጣቢታ አፍንጫ ነው። ያ የትልቁ ልጁ ግንባር ነው። ስንት ዓመት አብሮት የኖረ ፊት ነው፤ የፊቱን ባለቤት ግን ዛሬ ነው ያገኛት። እንባው ጠብ ብሎ መስታወቱ ላይ ወደቀ። ይሄን ሁሉ ላስቲክ ጠቅልሎ ከላይ በሚመጣው ውሃ መበላሸቱ ነው! በእጅጌው ጠረገና ቀጭ አደረገ። እንዳይሳሳት ፊልሙን አሳልፎ አንድ ጊዜ ደገመ።

«አለቀ?» አሉ እማማ ገነቴ።

«አለቀ እማዬ።»

እሳቸው ግን ነጠላቸውን አልመለሱም። የእሱ አንገት የተደፋ ነውና እያዩት ነበር፤ ዕድሜ ልካቸውን ያላዩትን ራስ።

«ጣቢታ!» አሉ ጮክ ብለው፣ «ባልሽ መላጣ መሆኑን ለምን አልነገርሽኝም?»

ጴጥሮስ ከዳር ሆኖ በሳቅ ተንከተከተ። ልጆቹ ተንከተከቱ። ዋለ ራሱ አንገቱን እንደደፋ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። እማማ ገነቴ ግን አልሳቁም። እጃቸውን ዘረጉ።

«ያን ሳጥን ስጡኝ።»

«ምን ልታደርጊው እማዬ?»

«እኔስ? የልጄን ባል መልክ ሳላየው ልሙት?»

ዋለ ሳጥኑን ለጣቢታ አቀበለ፣ ጣቢታ ለእናቷ። ሁለት እርጥብ እጆች ያን ውሃ የሚፈራ ነገር እንደ ጨቅላ ደረታቸው ላይ አቀፉት። እማማ ገነቴ አንገታቸውን ደፉ። ዋለም ቀና አለ፤ ቀና ሲል ያየው የአማቱን ሽበት ነው። ምን ማድረግ እንዳለበት ግራ ገባው። እሱ ራሱ ካሜራ ፊት ቆሞ አያውቅም። ደንበኞቹን እንደሚያዛቸው ደረቱን ነፋ፣ ዓይኑን ላለመጨፈን ታገለ፣ ውሃው ወገቡን እያንገላታው ቆመ።

እማማ ገነቴ ብዙ አዩት። ወዲህ ሲያዞሩት ወዲያ እየሸሸባቸው፣ ሳጥኑን እያስተካከሉ፣ እየፈለጉት፣ እያገኙት። በመጨረሻ ተናገሩ፤ በጣቢታ በኩል ሳይሆን በቀጥታ፣ ለራሱ።

«ልጄ፣ ምነው እንዲህ ከሳህ? ይቺ ልጅ አታበላህም እንዴ?»



«ታበላኛለች እማዬ» አለ ዋለ፤ «ኧረ በደንብ ታበላኛለች።»