የአጎቴ የደምሴ የቆዳ ጀልባ

ሰሞኑን ቀየት ገበያ አንድ ቆዳ ሻጭ አጠገብ ስደርስ የሞራና የሰም ሽታ ተቀላቅሎ ቢመጣብኝ፣ ዘንቢሌን መሬት አስቀምጬ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ያየኝ ሰው ጃጀች ሳይለኝ አልቀረም።

ያ ሽታ የእናቴን ታናሽ ወንድም፣ አጎቴን ደምሴን ያመጣብኛል። ደምሴ በልጅነቱ ጣና ዳር ዜማ ሊማር ሄዶ ከዜማው ይልቅ የታንኳውን ነገር አጥንቶ የተመለሰ ሰው ነበር። ጣሊያን አገሩን ይዞ፣ ሰው አውሮፕላን ፈርቶ ቀን ቀን ከደጅ መውጣት በጠላበት ዘመን፣ ከቤታችን በታች ያለው ሜዳ የክረምቱን ውሃ አቁሮ መስከረም ሲጠባ፣ «በነፋስ የምትሄድ ጀልባ እሠራለሁ» አለ። እናቴ «ወዴት ልትሄድባት?» ብትለው፣ «ወዴትም። ደስ እንዲለን ነው» አላት።

መጀመሪያ ግማሽ ቅል ላይ የጎመን ቅጠል ተክሎ በከብቶቹ ገንዳ ለቀቀና እኔ በአፌ ነፋስ ሆንኩለት፤ ቅሉ በተገለበጠ ቁጥር ቅጠሉን እያሳጠረ፣ ውስጡ ጠጠር እየጨመረ ልኩን አገኘው። ከዚያ የአስታ ዘንግ እሳት ላይ እያሞቅን አጎበጥን፤ ሁለት የበሬ ቆዳ በጠፍር ሰፍተን ወጠርንበት፤ ስፌቱንም በሞራና በሰም ደፈንነው። እናቴ አርበኞች ሰጥተዋት ለእኔ ቀሚስ ያሰበችውን የጣሊያን ድንኳን ቁራጭ ለሸራ ለቀቀች፤ ነጭ ነገር ከሰማይ ይታያል ብላ ግን አስቀድማ በጥቁር ጭቃ ዘፈዘፈችው።

የመጀመሪያ ቀን ጀልባዋ እንደ እንዝርት ዞራ ደምሴን ጭቃው ውስጥ ጣለችው፤ ጎረቤቱ ሆዱን ይዞ ሳቀ። በማግስቱ ከማረሻው አንዱን ድግር፣ አፈር የሚገፋውን ጠፍጣፋ እንጨት፣ ፈትቶ በጎኗ ወደ ውሃው አወረደው። እናቴ «ደግሞ ውሃ ልታርስ ነው?» አለችው። ድግሩ ውሃውን ሲቆነጥጥላት ግን ጀልባዋ ቀጥ ብላ ሄደች። ይህን ያየች እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ፣ እኔን አቅፋ ገባች።

ኩሬው መሃል ስንደርስ የአውሮፕላን ድምፅ መጣ። ዳር የነበረው ሰው ሣር ውስጥ ተኛ፤ እኛ የምንገባበት አልነበረንም። ደምሴ ሸራውን አውርዶ ከላያችን ጣለው። ጨለማው ጭቃ ጭቃ ይሸታል፤ የእናቴ ልብ ጆሮዬ ላይ ይመታል። ድምፁ አልፎ ሲርቅ፣ እናቴ ገና ከሸራው ሥር ሆና፣ «በል እንግዲህ ደምሴ፣ ከገባሁ አይቀር አሻግረኝ» አለችው። እሱም ሸራውን መልሶ ሰቀለ፤ ማዶ እስክንደርስ እናቴ አፏን ሳትሸፍን ሳቀች።

ዛሬ ኩሬው ደርቆ ገብስ ይዘራበታል። ደምሴ ከነጻነት በኋላ ወደ ጣና ተመልሶ እዚያው አረፈ፤ እናቴም ከሄደች ቆየች። ባለፈው የልጅ ልጄን ማሳው ዳር አቁሜ፣ «እዚህ ላይ በጀልባ ሄጃለሁ» አልኩት። «እሺ እማማ» አለኝ፣ በትሕትና። ምስክር ልጠራበት ዞር አልኩ፤ ከዚያን ቀን ሰዎች የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።