በቆላ የተሸለምኩት ጋቢ

ነገሩ የሆነው ካቻምና ጥቅምት ላይ፣ እዚሁ ሸዋ ሮቢት ነው። አልረሳው ያለኝ በደል ስለደረሰብኝ አይደለም፤ ስለተመሰገንኩ ነው።

በሰፈራችን ከአፌ ክፉ ቃል ወጥቶ አያውቅም። "ጋሼ ተሰማ ምላሳቸው ማር ነው" ይሉኛል። እኔም የቀሩኝ ጥርሶች ጥቂት ቢሆኑም እነሱኑ ሳሳይ እውላለሁ።

ግቢዬ ውስጥ ጌትነት የሚባል ወጣት መምህር ተከራይቶ ነበር። ከመንዝ ነው የመጣው፤ ቆላ ኖሮ አያውቅም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ በዚያ ሐሩር ኮት ደርቦ ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

"ጋሼ፣ ምን ነክቶኝ ይሆን?"

"አይዞህ የኔ ጌታ! ቆላው እየተዋወቀህ ነው።" ሎሚ ጨምቄ ሰጠሁት። ሳቀልኝ፤ ደስ አለኝ።

እዚህ አርባ ዓመት ኖሬያለሁ። ወባ መሆኑን ገና ከበሩ ሳይገባ አውቄዋለሁ። ግን "ወባ ነው፣ ተነስ እንሂድ" ብለው ይደነግጣል፣ ፊቱ ይጠቁርብኛል። ደግሞ በዚያ ፀሐይ ጤና ጣቢያ ድረስ ማን ይሄዳል? በማግስቱም በሦስተኛውም ቀን "ዛሬማ ወዝህ ተመልሷል" አልኩት። ሎሚውም አልተቋረጠም።

በአራተኛው ቀን ጎረቤቴ ሰዓዳ ጀሪካኗን ልትወስድ መጣች። ሰፈሩ ሁሉ ምላሷን ይፈራል። የልጁን በር ገፋ አድርጋ ስታይ መቃዠት ጀምሯል።

"ያ አላህ! አንቱ ሰውዬ፣ ልጁ እየሞተ ሎሚ ይጨምቁለታል? አንተስ አፍ የለህም? ተነስ፣ ደንቆሮ!"

እየተሳደበች ደግፋ ባጃጅ ላይ ጫነችው። ጤና ጣቢያ ሁለት ቀን ከአጠገቡ አልተነሳችም። አንድ ቀን ቢዘገይ ኖሮ አይተርፍም ነበር አሏት። እኔም እጠይቀው ነበር፤ ፈገግ ብዬ ገብቼ ፈገግ ብዬ እወጣለሁ።

ሲድን እናቱ ከመንዝ መጡ። ጌትነት ከዚያ ሁሉ ትኩሳት የሚያስታውሰው የኔን ሎሚና የሰዓዳን ስድብ ብቻ ነው። እናቱ እሷው ፊት ጋቢ አለበሱኝ።

"ልጄን ያተረፉልኝ አባት!"

"ኧረ እኔ ምንም አላደረግኩም" አልኩ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ እውነት ተናግሬ አላውቅም። እሳቸው ግን ትሕትና መሰላቸው። እኔም ይምሰላቸው ብዬ ጋቢውን አስተካክዬ ደረብኩ።

ሰዓዳ "አጎበር ይግዙለት" ብቻ ብላ ወጣች።

ባለፈው ሳምንት ጋቢውን ይዤ ቤቷ ሄድኩ። "ይሄ ያንቺ ነበር" አልኳት፤ ሳል አቋረጠኝ። ጋቢውን ዞራም አላየችው።

"ይሄ ሳል ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነ?"

"ደህና ነኝ፣ አታስቢ የኔ እመቤት..."

"ዝም ይበሉ! ጫማዎን ያጥልቁ።"

ባጃጅ ጠርታ፣ ጋቢዬን እንደታቀፍኩ አሳፍራ ወሰደችኝ። መድኃኒቴን ይዤ ስመለስ ጌትነት፣ ዛሬም ተከራዬ ነው፣ በር ላይ ቆሟል። ዛሬስ እነግረዋለሁ ብዬ አፌን ከፈትኩ። ፊቱ ፈካ፤ "ጋሼ፣ እንዴት ዋሉ!" አለኝ። "ደህና፣ የኔ ጌታ" አልኩትና ገባሁ።

ለማላውቃችሁ ለእናንተ መናዘዝ እንዴት ቀለለኝ! ልጁ ግን ያለው አሥር እርምጃ ርቀት ላይ ነው።