ወይኑ ላይ ውሃ የጨመረው ሰው

ሰውየው ምግብ ቤቱ ጥግ ተቀምጦ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የበግ ጥብሱን በትንንሹ ይቆርጣል። ከቩልቱሬ ተራራ የሚመጣውን ጥቁር ቀይ ወይን ሲቀዱለት ብርጭቆው ላይ ውሃ ጨመረበት።

አስተናጋጇ ኢማኮላታ ሰው ሁሉ እንዲሰማት አድርጋ፣ «ምነው አባባ፣ ወይንም ይታጠባል እንዴ? የበግ ጮማ የሚፈልገው እንዲህ አፍ የሚይዘውን ጠንካራ ወይን ነው» አለችው። ቤቱ ሳቀ።

ሰውየው ጣቶቹን ጠረጴዛው ስር ደበቀ፤ ጥፍሮቹ ከወይን ቀለም አልጠሩም።

«እኔ ወይን ለቃሚ ነኝ ልጄ፤ ዛሬ በዓል ነው ብዬ ነው የገባሁት። ወይኑን ጌቶች ይጠጡታል፤ ለእኛ ተጨምቆ የቀረው የወይን ልጣጭ ላይ ውሃ ተጨምሮበት ነው የሚሰጠን። ንጹሑን ጉሮሮዬ አልለመደውም፤ ይቅርታ።»

የኢማኮላታም አባት ያንኑ እጣቢ ሲጠጣ ነው ያረጀው። እሷ ግን ለደንበኞቿ፣ አባቴ የወይን ነጋዴ ነበር ብላቸዋለች።

ሳቁን የጀመረችው እሷ ነበረች፤ ማስቆም ግን አቃታት።