ያላየሁት ሕልምና የሞተር ሜዳው

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ እስክርቢቶ የያዝኩት ለፊርማ ብቻ ነው። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። ይህን ነገር ለማንም አልተናገርኩም። ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም፤ ለምን ለእሳቸው መናገር እንደማልችል ስታነቡ ይገባችኋል። እናንተ አታውቁኝም፣ ዓይናችሁንም አላይም። የደፈርኩት ለዚህ ነው።

እኔ ዋሽቻለሁ። ያላየሁትን ሕልም አየሁ ብዬ ዋሽቻለሁ።

አገሬ ከደብረ ማርቆስ ብዙ የማይርቅ የገጠር ቀበሌ ነው። ትርንጎ የአጎቴ ልጅ ናት። አባቷ ሲሞት አባቴ አምጥቶ ከእኔ ጋር አሳደጋት፤ አንድ መደብ ላይ ተኝተን አደግን። ስድስተኛን ስንጨርስ ከሁለት አንዳችን ከብት መጠበቅ ነበረብን። አባቴ ትርንጎ ጭንቅላት አላት አለና እሷ ትምህርቷን ቀጠለች፣ እኔ ከብቶቹን ይዤ ሜዳ ወረድኩ። ቅናቴ የጀመረው ያን ቀን ነው? ወይስ ከዚያም በፊት ነበረብኝ? አባቴ እሷን ሲጠራ ድምፁ ይለሰልሳል፤ «ትርንጎዬ» ይላታል። እኔን የሚጠራኝ «አንቺ» እያለ ነው።

ትርንጎ አሥረኛን ተፈትና ውጤት ሳይመጣላት ቤት የተመለሰች ዓመት፣ አቶ ደምሰው የሚባሉ የአገራችን ተወላጅ ከአዲስ አበባ መጡ። በጋራዥ ሥራ ሀብታም የሆኑ ሰው ናቸው። ከብት የማግድበት ሜዳ ላይ የሞተርና የመኪና መወዳደሪያ ሊሠሩ አስበው ነበር። ቅዳሴ ሲያልቅ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ፕላኑን ሣሩ ላይ ዘርግተው ለሕዝቡ አሳዩ፤ ጠመዝማዛው መንገድ፣ የተመልካች መቀመጫው፣ በር ላይ ሴቶች ምግብ የሚሸጡበት ቦታ ሁሉ ተሥሎበታል።

አያ ቢተው የሚባሉ ሽማግሌ ፕላኑን ብዙ ካዩ በኋላ፣ «ዞረው ዞረው ከተነሱበት ሊመለሱ ምን አደከማቸው?» አሉ።

አንዲት ሴትዮ ከኋላ፣ «እኛስ ወንዝ ወርደን ከተነሳንበት አይደል የምንመለስ? ያውም ሚያጨበጭብልን ሳይኖር» አለቻቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ገንዘቡን ከፊሉን አቶ ደምሰው፣ የቀረውን ጓደኞቻቸው ሊያወጡ ነበር። ጓደኞቻቸው ግን የአገሬው ሰው ተስማምቶ መሬቱን ካልፈቀደ ምንም አንሰጥም ብለዋል። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ በሕዝቡ እሺታ ላይ ቆመ። የግጦሽ ነገር ያሳሰባቸው ነበሩ፤ ብዙው ሰው ግን ልቡ ወደ መፍቀድ አዘንብሎ ነበር። ነገሩን ለመቁረጥ ለሚቀጥለው እሑድ ተቀጠረ።

አቶ ደምሰው አንድ አሮጌ ሞተር ጭነው አምጥተው ነበርና ወጣቱን ማን ይሞክራል አሉት። ወንዶቹ ተራ በተራ ወደቁ። ትርንጎ ከተማ ስትማር የጓደኛዋን ወንድም ሞተር መንዳት ለምዳ ኖሯል፤ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ወጣችበትና ሜዳውን ዞረችው። አባቴ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ እንደ ልጅ እየሳቀ ከኋላዋ ሮጠ። እኔ አባቴ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም ነበር። እንደዚያ ሲስቅም አይቼ አላውቅም ነበር። አቶ ደምሰው መወዳደሪያው ከተፈቀደ ትርንጎን አዲስ አበባ ወስደው እንደሚያሠለጥኗት፣ ሲመረቅም ቀድማ የምትነዳው እሷ እንደምትሆን፣ ሥራም እንደሚቀጥሯት ለአባቴ ነገሩት። እስከዚያ እንድትለማመድ ሞተሩን እሷ ዘንድ ተዉላት።

አንድ ቀን ሰው በተሰበሰበበት፣ «ነይ ከኋላዬ ውጪና ላዙርሽ» አለችኝ። አቀረቀርኩ። ትርንጎም ሳቅ ብላ፣ «እሷኮ በቅሎ ስታያትም ታፍራለች» አለች። ሰው ሳቀ፤ አባቴም ሳቀ። በፍቅር ነው ያለችው። ይህን የማውቀው ዛሬ ነው እንዳልላችሁ፣ ያኔም አውቀው ነበር።

በማግስቱ አባ ጥበቡ ዘንድ ሄድኩ። የቤታችን የነፍስ አባት ናቸው። ሕልም አየሁ አልኳቸው። ነጭ የለበሰች ሴት ሜዳው ታችኛው ጫፍ ላይ ቆማ፣ እዚህ ጠበሌ አለ፣ አታስረግጡት አለችኝ አልኩ። እኛ ዘንድ ጠበል በሕልም ተገለጠ ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ፤ ቃሉን ከየት አመጣሁት አትበሉኝ። ታችኛውን ጫፍ ለምን መረጥኩ? እዚያ ያለው ሣር በበጋም አይደርቅም፤ ላም ስትረግጠው ኮቴዋ ያረፈበት ውሃ ይሞላል። ቢቆፍሩት ውሃ እንደሚወጣ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

አባ ጥበቡ ቁጭ በይ አሉኝ። ከዚያ፣ «የኔ ልጅ፣ ሕልም ከድካምም ይመጣል። አሁን ተሳስቼ ነው ብትይ የሚቆጣሽ የለም» አሉኝ።

መውጫ ሰጥተውኝ ነበር። እኔ ግን፣ «አይቻለሁ፣ አባ» አልኩ። እንባዬ መጣ። የፍርሃት እንባ ነው፤ እሳቸው ግን ሌላ መስሏቸው አብረውኝ አለቀሱ።

እሑድ አባ ጥበቡ ሕልሜን ለሕዝቡ ተናገሩ፤ የተሰበሰበው ሰውም መሬት ስለመፍቀድ ሳይነጋገር ወደ ሜዳው ወረደ። ወንዶቹ ቆፈሩ፤ ትርንጎም አፈር ስታወጣ ዋለች። ውሃው ወጣ። እልልታው ቀለጠ። እኔ ከሴቶቹ ኋላ ተሸሽጌ ቆሜ ነበር። የዚያን ዕለት ቤት ስገባ አባቴ ከተቀመጠበት ተነሣልኝ። ተነሥቶም፣ «ልጄ፣ ነይ እዚህ ተቀመጪ» አለኝ።

ደስ አለኝ። ይህን ከደበቅሁ የጻፍኩት ሁሉ ከንቱ ነው። ደስ አለኝ።

አቶ ደምሰው አልተከራከሩም። ባርኔጣቸውን አውልቀው መስቀል ተሳለሙና ጠበል ላይ ጎማ አላስነዳም አሉ። ጓደኞቻቸው ገንዘቡን ለሌላ አገር፣ ለሌላ ሥራ አዋሉት፤ የማሠልጠኑም የመቅጠሩም ነገር አብሮ ቀረ። ሞተሩን አይሱዙ ላይ ሲጭኑት ትርንጎ በነጠላዋ ጫፍ ጭቃውን እየጠረገች ነበር። ሞተሩ ተመልሶ እንደሚመጣ ሁሉ እየተጠነቀቀች ጠረገችው። አየኋት። ያኔ እንኳ አፌን መክፈት እችል ነበር። ለምን አልከፈትኩም? ማፈሬ ነው ልበል? አይደለም። ስዋሽ አላፈርኩም።

ከዚያ በኋላ ትርንጎ ሥራም ተስፋም ስላልነበራት ቁይ ከምትባል ትንሽ ከተማ ለመጣ ጠያቂ ተዳረች። እምቢ አላለችም። እኔ አሁን ደብረ ማርቆስ ሰው ቤት እሠራለሁ። ቁይ ሩቅ አይደለም፤ ግን ስትወልድም፣ ልጇ ክርስትና ሲነሣም አልሄድኩም። ወደ ጠበሉ ሰው ይመጣል፤ የዳነ አለ ይላሉ። እግዚአብሔር የወደደውን ያደርጋል፤ የእኔን ውሸት ግን እውነት አያደርገውም። አባ ጥበቡ ዛሬም የነፍስ አባቴ ናቸው። ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን እነግራቸዋለሁ፤ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ይሉኛል፤ ሳልፈታ እመለሳለሁ። እውነቱን ብነግራቸው በእሳቸው አፍ ያስነገርኩት ውሸት መሆኑን ያውቃሉ። ታዲያ የማዝነው ለእሳቸው ነው ወይስ ለራሴ? ለራሴ ነው።

ልጅ ነበርኩ አልልም። ክፉና ደጉን አውቅ ነበር። ይቅር በሉኝ ብዬ እናንተንም አልለምንም፤ የተበደለችው እናንተ አይደላችሁምና።

ትርንጎ በተዳረችበት ቀን ሙሽሮቹን የሚወስደው መኪና ውጭ ቆሞ ሳለ ጓዳ ጠራችኝ። ሰው ሁሉ ይጨፍር ነበር። ሕልሙ የፈጠራ ነው የሚሏት ሰዎች እንደነበሩ ነገረችኝ። ፊቴን አየችው። ከዚያ እጄን በሁለት እጇ ይዛ እንዲህ አለችኝ፦

«ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ውሸት ነው ብዬ አቶ ደምሰውን ተከትዬ ሄጄ ነገሩን እንዳይተዉት እለምን ነበር። አንቺ ስለሆንሽ ነው የተውኩት። አንቺ እኔን አትጎጂኝም።»